የጋሽ ተፈራ ብሎን

እኔ «እምቢ» የምትለዋን ቃል ከእናቴ ማህፀን ይዤ አልወጣሁም። ሌላው ሕፃን ሲወለድ እሪ ብሎ ተቃውሞውን ያሰማል፤ እኔ ግን አዋላጇን ላለማስቀየም ዝም ብዬ ነበር ይባላል። ዛሬ ሃምሳን አልፌ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሲዋርድ በሚባል ሠፈር የራሴን የፎቶ ፍሬም ቤት ይዤ፣ ሰው «ባለሙያው» እያለ እየጠራኝ እንኳ አመሌ አለቀቀኝም። አንዲት ጣት የምታህል ብሎን አንድ ሳምንት ሙሉ ያንከራተተችኝም በዚሁ አመሌ የተነሳ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁና ፍርዱን እናንተው ስጡ።

ፍሬም ቤቱን የገዛሁት ጡረታ ከወጣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። ከዚያ በፊት ሻኮፒ በምትባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ስድስት ዓመት ካርቶን ሳነሳና ስጥል ነበር። አንድ ቀን ወገቤ «በቃኝ» አለ። እሱ እንኳ ከእኔ ይሻላል፣ እምቢ ማለት ያውቃል። ሽማግሌው ሱቁን ሲያስረክበኝ ጓዳ ያለውን የእንጨት መቁረጫ ማሽን እንደ ልጅ አደራ ነው የሰጠኝ። የድሮ እንግሊዝ ሥሪት ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አያውቅም። ፔዳሉን በእግር ሲረግጡት ማዕዘን ሠርተው የቆሙ ሁለት ስለቶች ቁልቁል ይወርዱና እንጨቱን ቁርጥ ያደርጉታል። እንዲህ የተቆረጡ አራት እንጨቶች ሲገጣጠሙ በመሃላቸው ጸጉር አያሳልፉም። ዕድሜውን ስጠይቀው ሽማግሌው «ከእኔ ይበልጣል» አለኝ፤ እሱ ራሱ ሰማንያን ይዟል።

እትዬ ዘነበች ወደ ሱቄ የመጡት እናታቸው ባረፉ በወሩ ነው። እትዬ ዘነበች የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። የሰው እናት ሲያገላብጡና ሲያጥቡ ያድራሉ። የገዛ እናታቸው ፍቼ ላይ ሲያርፉ ግን አልደረሱም። እንደምታውቁት እኛ አገር ቀብር ቀጠሮ አይሰጥም፤ ዛሬ የሞተ ነገ ይቀበራል። እትዬ ዘነበች አውሮፕላን ጣቢያ ሳይደርሱ ሁሉ ነገር ተፈጽሞ ነበር።

የአርባው ጸሎትና ዝክር ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሊደረግ ነው። ለዚያ ቀን የእናታቸውን ፎቶ በትልቁ አሳጥበው፣ ከፎቶው ጋር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። ስፈታው ሁለት የዋንዛ ጣውላ ነው።

«የእናቴ የልብስ ሳጥን ክዳን ነው» አሉ። «የወንድሜ ልጅ በሻንጣ አመጣልኝ። ሬሳዋን ባላይም ሳጥኗን ልየው ብዬ ነው። ከዚህ ፍሬም ይወጣል?»

ለካሁት። ልክ ለአንድ ፍሬም ይበቃል፤ አንዲት ጣት እንኳ አይተርፍም። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ከቆረጥኩ ሁለተኛ ዕድል የለም ማለት ነው። አስተዋይ ሰው ቢሆን «ላስብበት» ይላል። እኔ «ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ያገኙታል» አልኩ።

ሰኞ ዕለት ጣውላውን ልኬ፣ ማሽኑ ላይ አጋድሜ፣ ጫፉን ለማስተካከል ያህል ብቻ ፔዳሉን ረገጥኩት። ጧ! አለ። ስለቱ ጣውላው ውስጥ የተደበቀ የቆየ ሚስማር ነክሶ ነበር። ስለቱን አንቆ የያዘው ብሎን አንገቱ ላይ ተቆረጠና ጭንቅላቱ በጆሮዬ ሥር ሽው ብሎ አልፎ መደርደሪያ ሥር ገባ። እኔም በእንብርክኬ ተከትዬው ገባሁ። ስወጣ አንዲት ደንበኛ ቆማ «አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ። «ኦኬ ነኝ» አልኳት፣ የሸረሪት ድር ከቅንድቤ ላይ እየጠረግሁ። ያንን ሳምንት «ኦኬ ነኝ» ያላልኩት ሰው የለም።

እግዚአብሔር ይመስገን ጣውላው አልተጎዳም፤ ሚስማሩም እንጨቱ ውስጥ እንዳለ ነው። ለእትዬ ዘነበች ደውዬ ልነግራቸው ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሐዘንተኛ ምን በወጣው በብሎን ይጨነቃል? ደግሞስ ብሎን ነው። አሜሪካ ነው ያለነው። የብሎን አገር ነው።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ማክሰኞ ጠዋት የተቆረጠውን ብሎን ቀሪ ከቀዳዳው ፈትቼ፣ ኪሴ ከትቼ ሠፈራችን ወዳለው የብረታ ብረት ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። ሽበታም ሻጭ ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ አየውና «ኢንተረስቲንግ» አለ። ሚኒሶታ ውስጥ ሰው «ኢንተረስቲንግ» ካላችሁ ነገራችሁ አልቆለታል ማለት ነው። የዚህ አገር ሰዎች እኮ በረዶ ላይ የቀሩ የእኛው ዘመዶች ይመስሉኛል። ብላ ሲባሉ ሦስቴ ካልተለመኑ አይበሉም፤ የለንም ማለትም አይሆንላቸውም። ሻጩም «የለንም» ማለት ከብዶት ከአንዱ መሳቢያ ወደ ሌላው ሲወስደኝ አንድ ሰዓት ሞላን። በመጨረሻ የእሱ ይሉኝታና የእኔ ይሉኝታ ተጋጥመው፣ የማልፈልገውን የበረዶ መዛቂያ አካፋ ገዝቼ ወጣሁ። ወሩ ሰኔ ነው።

የነገሩ ችግር ይህ ነው። የድሮ እንግሊዝ ብሎን ጥርሱ ከዚህ አገር ብሎን ጋር ሊመሳሰል ጥቂት ነው የቀረው። ውፍረቱ አንድ ዓይነት ነው፤ ስታስገቡትም ይገባል። ሁለት ዙር ተኩል ይሄድና ይቆማል። ጭራሽ ባይገባ ኖሮ ሰው ተስፋ ቆርጦ ያርፍ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ሃምሳ ብሎን የያዘ እሽግ አዘዝኩ፤ በማግሥቱ ከዚያው ከሻኮፒ መጣልኝ። ሃምሳዎቹም በሥነ ሥርዓት ሁለት ዙር ተኩል ገቡ።

ሴንት ፖል ወዳለ ሌላ ፍሬም ቤት ደወልኩ። ሁለት ሳምንት ጠብቅ አሉኝ፤ ደግሞም ሚስማር ያለበት አሮጌ እንጨት ስለታቸውን ስለሚያበላሽ አይቆርጡም። እውነታቸውን ነው፣ ምስክሩ እኔ ነኝ። «በእጅ መጋዝ ለምን አትቆርጠውም?» የምትሉኝ ካላችሁ፣ ቤቴ መጥታችሁ የሠርጌን ፎቶ እዩልኝ። ፍሬሙን በእጅ መጋዝ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው ማዕዘን ትንሽ ተከፍቷል። ሚስቴ በተቆጣች ቁጥር ወደዚያ ክፍተት ነው የምትመለከተው።

ስለዚህ በእድራችን ቴሌግራም ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወገኖቼ፣ ለማሽኔ ሃፍ ኢንች ብሎን ቸግሮኛል። የድሮ እንግሊዝ ነው። ያላችሁ ተባበሩኝ።» በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሰው «አይዞህ» አለኝ። ሁለቱ ሳያነቡ «ነፍስ ይማር» ብለው ጻፉ።

ረቡዕ ዕለት የብሎን ዝናብ ዘነበብኝ። የእኛ ሰው ባዶ እጁን መምጣት ነውር ነው ብሎ ያደገ ነው። ታክሲ የሚነዳው ጎረቤቴ የጎማ ብሎን አመጣ። አንዲት የልጆች መዋያ ያላት እህት ከተገጣጣሚ አልጋ የተረፉ ብሎኖችን በጓንት አስራ ላከች። አንድ ዲያቆን ከአዳራሹ ወንበር ላይ የፈታውን ብሎን አመጣና «ሲሠራ ትመልሰዋለህ» አለኝ። ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሳስብ ፈራሁ። ሁሉንም ባመጣቸው ሰው ፊት መሞከር ነበረብኝ። «ይሄ አይሆንም» የሚባል ነገር ስለማላውቅ፣ የጎማውን ብሎን እንኳ ቀዳዳው ላይ ይዤ «ለጥቂት!» አልኩ።

ከዚያ ጋሽ ተፈራ መጡ።

ጋሽ ተፈራ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አዲስ አበባ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ አርባ ዓመት መካኒክ ነበሩ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ልጆቻቸው ወደዚህ ሲያስመጧቸው፣ ቤተሰቡ በርበሬና ሽሮ ሲጠብቅ እሳቸው ሻንጣቸውን የሞሉት በብሎን ነው። «አሜሪካ ሄጄ ብሎን ከየት አገኛለሁ?» ብለው ነው። ልጆቻቸው ስንት ጊዜ ሊጥሉት ፈልገው ሸሽገው አቆይተውታል። አሁን በብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ኮትና ክራቫት ለብሰዋል።

«የታለ በሽተኛው?» አሉ።

«ጋሽዬ፣ ምነው ደከሙ! ቢደውሉልኝ መጥቼ እወስደው አልነበር?»

«ብሎን ብቻውን አይላክም፣ ልጄ። ከነሰውየው ነው የሚመጣው።» ቆርቆሮውን ከፈቱት። እያንዳንዱ ብሎን በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሏል። «አሥራ ስምንት ዓመት ጠበቅሁ» አሉ። «ልጆቼ በዚህ አገር የተሰበረ ይጣላል እንጂ አይሠራም ይሉኛል። እኔ ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ብሎን ይቸገራል ብዬ ነው። ይኸው ቸገረህ! ተመስገን!»

እንዲህ ደስ ያለው ሰው ፊት ምን ይባላል? መነጽራቸውን አድርገው አንዱን መረጡና ቀዳዳው ላይ አኖሩት። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሁለት ዙር ተኩል። ቆመ።

«መፍቻ» አሉ፣ እጃቸውን እንደ ሐኪም ወደ ኋላ ዘርግተው።

ሰጠኋቸው። እግዜር ይይልኝ፣ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መፍቻው ላይ ደግሞ ረጅም የብረት ቱቦ ሰኩበት፣ ጉልበት እንዲጨምር። እኔ በዚያች ሰዓት «ያቁሙ! ጥርሱ አይመሳሰልም፣ ሊያበላሹት ነው!» ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ጋሽዬ፣ እንዳይደክምዎ» የሚል ነው።

«አይደክመኝም!»

«ትንሽ አረፍ ቢሉስ? ውሃ ላምጣ?»

«ውሃ ኋላ!» አሉና ክብደታቸውን ጣሉበት።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ብሎኑ ገባ። ገባ ስላችሁ፣ ሰው ባዶ ቤት እንደሚገባው ነው የገባው፤ የሚያስቆመው የለም። የማሽኑ የጥንት ጥርስ ተልጦ መሬት ላይ ብልጭ ብልጭ እያለ ወረደ። የፈራሁት ብሎን ማጣትን ነበር፤ አሁን ቀዳዳም አጣሁ።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሽ ተፈራ» አልኩ።

ጋሽ ተፈራ መፍቻውን እንደያዙ አንድ ጊዜ ብሎኑን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ።

«ጠበቀ?» አሉ።

«ጠበቀ።»

መፍቻውን መለሱልኝ። «አሜን» አሉና ቆርቆሯቸውን ዘግተው ሄዱ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው ግን እያደር ከበደ። ሰው ብሎን ማምጣቱን እንዲያቆም ብዬ ቴሌግራሙ ላይ «ከጋሽ ተፈራ ተገኝቷል፣ ልክክ ብሏል፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው እትዬ ዘነበች «እግዚአብሔር ያክብርልኝ ጋሽ ተፈራን» ብለው መለሱ። ለጋሽ ተፈራ ሃያ ስምንት የምርቃት መልእክት ተላከ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚህ በኋላ ማሽኑ ተሰብሯል ብል ጋሽ ተፈራን በእድር ሙሉ ሰው ፊት ማዋረዴ ነው።

ሚስቴ ነገሩን ሁሉ ሰማችና እንጀራውን ጠቅልላ እንደያዘች «እና የእትዬ ዘነበችን እንጨት በምን ልትቆርጥላቸው ነው? በይሉኝታህ?» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሠርጋችን ፎቶ ማዕዘን ተመለከተች።

ሐሙስ ጠዋት የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ፕላስተር ብሎኑ ላይ ጠቅልዬ፣ ክብሪት እንጨት ሰክቼ፣ ማስቲሽ ቀብቼ፣ በስመ አብ ብዬ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞከርኩት። ስለቱ ከቦታው ዘሎ ግድግዳው ላይ ተሰካ። ያን ዕለት ባስብ ባሰላስል ያገኘሁት አንድ መፍትሔ ብቻ ነበር፦ ማሽኑን በብርድ ልብስ መሸፈን።

ሸፍኜ ሳልጨርስ ጋሽ ተፈራ መጡ። ብሎናቸውን ሊጠይቁ ነው።

«ምነው ተሸፈነ?»

«ዘይት ቀብቼው ነው፣ ጋሽዬ። አዲስ ብሎን... ትንሽ ማረፍ አለበት ብዬ።»

እንዲህ ያለ ቂል ነገር አርባ ዓመት መካኒክ ለነበረ ሰው ይነገራል? ጋሽ ተፈራ ግን በቁም ነገር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነህ። ብሎን ማረፍ አለበት» አሉ። አመኑኝ ብዬ ደስም አለኝ፣ አዘንኩላቸውም። እርጅና ነው አልኩ በሆዴ። ከዚያ የተቆረጠውን አሮጌ ብሎን ለማስታወሻ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። ደንበኛ ጠርቶኝ ወደ ፊት ወጥቼ ስመለስ ከጓዳው ሲወጡ ተገናኘን፤ መነጽሬን ፍለጋ ነው አሉኝ። መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ ነበር። እንደ ሄዱ ብርድ ልብሱን ስገልጥ ብሎኑ ወጥቶ ጎን ላይ ተቀምጧል፤ ቀዳዳው ሳሙና ሳሙና ይሸታል። የእጅ መታጠቢያው ሳሙናም የለም። ብሎኑ በቀላሉ እንዲገባ ሳሙና የሚቀቡ መስሎኝ «ምስኪን ጋሽ ተፈራ» አልኩና መልሼ ሸፈንኩት።

ዓርብ ጠዋት ገና በሩን ስከፍት እትዬ ዘነበች ቆመዋል። ከሌሊት ፈረቃ ቀጥታ ነው የመጡት፤ የመሥሪያ ቤታቸውን ሰማያዊ ልብስ እንደለበሱ ናቸው።

«ፍሬሙን ለማየት አይደለም፣ ነገ አየዋለሁ» አሉ። «ከእንጨቱ የሚወድቅ ፍቅፋቂ ካለ እንዳትጥልብኝ ልልህ ነው።»

ቁጭ በሉ አልኳቸው። ተቀመጡና ያለወትሯቸው ብዙ አወሩ። ከአሜሪካ የላኩላቸውን ነገር ሁሉ እናታቸው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነበር የሚያኖሩት፦ ሎሽኑን፣ ሹራቡን፣ የጉልበት ክኒኑን። አንዱንም አልከፈቱትም። ዘመድ «ለምን አይለብሱትም?» ሲላቸው «ዘነበች ስትመጣ ለብሼ ልቀበላት ነው» ይሉ ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት ሁሉም ከነዋጋ ወረቀቱ ተገኘ።

«እኔ ደግሞ በየዓመቱ ዘንድሮ እመጣለሁ እላት ነበር» አሉ እትዬ ዘነበች። «አልመጣም ብያት አላውቅም። እንዳይከፋት ብዬ።»

 በእኚህ ሴት ፊት አንድ ተጨማሪ የማይፈጸም ቀጠሮ ይዤ ተቀምጫለሁ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልተናገርኩት ነገር ድንገት መጣልኝ።

«እትዬ ዘነበች፣ ፍሬሙ አልተሠራም። ማሽኑ ተሰብሯል። ለነገ የሚደርስም አይመስለኝም። ልክክ ብሏል ያልኩት ውሸቴን ነው። ብሎኑን በግድ ከትቼ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«ውሸታም!» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ጋሽ ተፈራ ናቸው። ከኋላቸው አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ የዕቃ ሣጥን ይዞ ቆሟል።

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ!» አሉ ጋሽ ተፈራ። «በገዛ እጄ!»

«ኧረ ጋሽዬ፣ መፍቻውን የሰጠሁዎት እኔ!»

«ቱቦውን የሰካሁት እኔ!»

«እኔ እኮ ማስቆም ነበረብኝ!»

«ብታስቆመኝ እቆም ነበር? ተው አልኩህ!»

ምግብ ቤት ሒሳብ ሲመጣ ወረቀቱን የሚነጣጠቁ ሁለት ሐበሾች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ጥፋቱን እንነጣጠቅ ጀመር። እኔ «በሞቴ» ስል እሳቸው «እኔ እያለሁማ አትከፍልም» ሊሉ ምንም አልቀራቸው። እትዬ ዘነበች በመካከላችን ቁጭ ብለው አንድ ጊዜ እኔን አንድ ጊዜ እሳቸውን ያያሉ።

«ታዲያ ካወቁ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኩ በመጨረሻ።

«አንተስ? አርባ ዓመት ብሎን ያሰረ እጅ ጥርስ ሲላጥ አይሰማውም? እውነቱን ይነግረኛል ብዬ ጠበቀ ወይ አልኩህ። ጠበቀ አልክ። እጅዎ ይባረክ ስትለኝ ምን ልበል? አሜን ነው የሚባለው!» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ምርቃቱ ደግሞ በቴሌግራም ይጎርፍልኛል። በሠራሁት ጥፋት ስመረቅ እንቅልፍ አጣሁ።»

ለካ አሮጌውን ብሎን የወሰዱት ለማስታወሻ አልነበረም። ሳሙናውንም ቀዳዳው ውስጥ የጠቀጠቁት የተላጠውን ቀዳዳ ቅርጽና ልክ ለማውጣት ኖሯል። ሁለቱን ይዘው በሁለት አውቶቡስ ሴንት ፖል ድረስ ሄደው ገመቹን ፈልገው አገኙት። ገመቹ ማለት ከኋላቸው የቆመው ዝምተኛ ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ፣ በቀዶ ጥገና ሰው ወገብ አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን ሲሠራ ይውላል፤ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ የራሱ ትንሽ ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን አለው። አሜሪካ ሰባት ጊዜ ዞሬ ያጣሁት ነገር፣ ለካ መርካቶ እንደሚደረገው ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስቀረጽ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የራሴ አገር ዘዴ ለራሴ ትዝ አላለኝም።

ዞር ስንል ገመቹ የለም። ጓዳ ገብቷል። እኛ ጥፋት ስንሻማ እሱ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ የተላጠውን ቀዳዳ አስፍቶ አዲስ ጥርስ አውጥቶለት፣ ከታች ወፍራም ከላይ ቀጠን ያለ አዲስ ብሎን በእጁ እያጠበቀ ነበር። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሁለት ዙር ተኩል ላይ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ሦስት። አራት። እስከ መጨረሻው ሄዶ ጥብቅ አለ።

«በቃ» አለ ገመቹ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የሰው ወገብ ነው የሚከብደው። ይሄ ቀላል ነው።»

ጣውላውን አምጥቼ ሚስማሩ ከስለቱ እንዲርቅ አድርጌ አጋደምኩት። እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። አልንቀሳቀስ አለኝ። እንጨቱ ምትክ የለውም።

«ተወው፣ እኔ ልርገጠው» አሉ እትዬ ዘነበች። «የእናቴ ነው፤ ቢበላሽም በእኔ ይበላሽ።»

እኔ እንጨቱን ያዝኩ፣ ጋሽ ተፈራ እኔን ያዙኝ፣ እትዬ ዘነበች ሌሊቱን ሙሉ በቆመው እግራቸው ረገጡት። ቁርጥ። ንጹሕ ነበር። ሰባት ጊዜ ረገጡ፤ ሰባቱንም ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። የረገፈውን ፍቅፋቂ ጠርጌ በፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ፎቶው ከፊት ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። እናትየው በራፋቸው ላይ ቆመው ከፎቶው ውጭ ያለ አንድ ሰው ሲቆጡ ነው የተነሱት። ማዕዘኖቹ ጸጉር አያሳልፉም። የጸሎቱ ሥርዓት አልቆ ሰው ማዕድ ሲቀርብ፣ እኔና ጋሽ ተፈራ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ እኔ ብሎኑ የጎደለው ወንበር ላይ። ዲያቆኑ ሆን ብሎ ነው ያስቀመጠኝ መሰለኝ።

እትዬ ዘነበች ፍሬሙን በመዳፋቸው ሲዳብሱ አየሁ። ታችኛው እንጨት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ስወለውለው የወጣ ትንሽ የብረት ነጥብ አለ፣ ያ ሚስማር። ሌላ የተደበቀ ነገር እንዳይኖረኝ ብዬ ተነስቼ ሄድኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽኑን የሰበረው ይሄ ሚስማር ነው። ላወጣው ብሞክር እንጨቱ ይሰነጠቃል ብዬ ተውኩት።»

እሳቸው ግን ሚስማሩን ነው የሚያዩት። «ይሄን የመታሁት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ስዘል ክዳኑን ሰነጠቅሁት። እናቴ ገበያ ከሄደችበት ሳትመለስ ብዬ ሚስማር በድንጋይ መታሁበትና በላዩ ጨርቅ ደረብኩበት። ደግሞ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ... አልነገርኳትም። እስክትሞት አልነገርኳትም።» እንባቸው ወረደ። «ሳታውቅ ሄደች።»

 ጋሽ ተፈራ ከኋላዬ መጥተው ኖሯል። መነጽራቸውን አደረጉና ጎንበስ ብለው ሚስማሩን መረመሩት። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። አናቱ ከእንጨቱ ጋር እኩል ተኝቷል፤ ዙሪያው ተስተካክሎ ተመቷል።

«ዘነበች» አሉ፣ «ይሄን በድንጋይ ነው የመታሽው?»

«አዎ።»

«በድንጋይ የተመታ ሚስማር አናቱ ይጣመማል፣ ልጄ። ይሄ ቀጥ ያለ ነው። እናትሽ ያንቺን ነቅለው እንደገና በመዶሻ መትተውታል።»